ጉልቻና ፎርኖ፦ የዱባ ጥብስ ታሪክ በአራዳና በፒያሳ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። አባባሉ ሲነገር የኖረው ሹም ተሽሮ ሹም በተተካ ቁጥር የሕዝብ ኑሮ እንደማይሻሻል ለማመልከት ነው። ይሁን እንጂ ቃል በቃል ለወሰደው ሰው በውስጡ አንድ የሙቀት ምሕንድስና ድንጋጌ ይገኝበታል። ይኸውም የምግብን ጣዕም የሚወስነው ወደ ድስቱ የገባው ነገር እንጂ ድስቱን የተሸከመው ምድጃ አይደለም የሚል ነው።

ይህን ድንጋጌ ለመፈተን ከዱባ የተሻለ ምስክር፣ ከአራዳም የተሻለ ችሎት አይገኝም። ያው ዱባ፣ ያው ጨው፣ ያው ዘይት ከጉልቻ ላይ ሲጣድ ወጥ ይሆናል፤ ፎርኖ ውስጥ ሲገባ ግን ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ ውስጡ የለሰለሰና የጣፈጠ ጥብስ ሆኖ ይወጣል። የተለወጠው እሳቱ ብቻ ነው። ይህ የእሳት ለውጥ በአዲስ አበባ እምብርት እንዴት እንደመጣ፣ ምን እንዳስከተለና ዛሬ ከምን እንደደረሰ መመልከት ለምሕንድስና ባለሙያ ከጊዜ ማሳለፊያ የበለጠ ጥቅም አለው፤ የአንድ ሰፈር ምድጃ እንደ ውሃ መስመሩና እንደ መንገዱ ሁሉ የሰፈሩ መሠረተ ልማት ነውና።

ዱባና ቅል

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ሌላው አባባል፣ ተናጋሪዎቹ ካሰቡት በላይ እውነትነት አለው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ዱባ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። በሜክሲኮ፣ ኦአሃካ በሚባለው ግዛት፣ ጊላ ናኪትዝ ከተባለው ዋሻ በቁፋሮ የተገኙ ፍሬዎች የዱባ ዘር በሰው እጅ መልማት የጀመረው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን መስክረዋል። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን እስኪሻገር ድረስ በአውሮፓም ሆነ በእስያና በአፍሪካ ይህን ፍሬ የሚያውቅ አልነበረም። ስሙም ቢሆን የተወረሰ ነው። በዐረብኛ «ዱባእ» የሚለው ቃል ቀድሞ የቅል መጠሪያ ነበር፤ አዲሱ ፍሬ ሲመጣ የነባሩን ስም ወሰደ። የኢጣልያንኛው «ዙካ» ያለፈበትም መንገድ ይኸው ነው። እንግዲህ ዱባና ቅል በአበቃቀል ቢለያዩም በስም ተወራርሰዋል።

ዱባ ወደ ኢትዮጵያ የገባው፣ እንደ በቆሎና እንደ በርበሬ ሁሉ፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙዎች የሚያስገርም ነው። የአባቶች ምግብ ተብሎ በጾም ገበታ ላይ የሚቀርበው የዱባ ወጥ ዋና ዋና ነገሮች፣ ማለትም ዱባውና በርበሬው፣ ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። እነዚህን ሁለት እንግዶች በሽንኩርትና በኑግ ዘይት አገናኝታ አገር ያላመደቻቸው የኢትዮጵያ ሴት ወይዘሮ ባለሙያነት ነው።

ተክሉም ከቤተሰብ ኑሮ ጋር በቀላሉ ተስማማ። የክረምቱ ዝናብ ሲቃረብ በጓሮ ይተከላል፤ በአጥርና በጣሪያ ላይ ተስቦ ዝናቡን ይጠጣል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ፍሬው ይጎመራል። ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቆያል። በመሆኑም ኅዳር 15 ቀን ለሚጀመረው ለጾመ ነቢያት በቀላሉ ይደርሳል፤ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ከተቀመጠም ለዐቢይ ጾም ይተርፋል። ተቀምጦ ሲሰነብት በውስጡ ካለው ስታርች ከፊሉ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ጣዕሙ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የአራዳ ገበያና ማገዶው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ንግድ የተሰበሰበው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተዘረጋው የአራዳ ገበያ ነበር። በአህያና በበቅሎ ተጭኖ፣ በሸክምም ታዝሎ የሚመጣው እህል፣ ቅቤ፣ ማርና ማገዶ በዚያ ይራገፍ ነበር፤ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው በሰው ይሞላ ነበር። «አራዳ» የሚለው ስም ከጊዜ በኋላ የነቃና ከተሜ የሆነ ሰው መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰውም ከዚህ ገበያ ተነሥቶ ነው።

በዚያ ገበያ ከሚሸጡት ነገሮች ሁሉ የከተማይቱን ዕድል የሚወስነው ማገዶ ነበር። በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመንጥሮ በማለቁ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ግድም ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱ ባለችበት እንድትረጋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ አድጎ፣ ተቆርጦም እንደገና አቆጥቁጦ፣ ለምሰሶና ለማገዶ ደረሰላት።

ይህን ሁሉ ማገዶ ከሚፈጁት ዋነኛው ጉልቻ ነበር። በሦስት ድንጋይ መካከል የሚነድ እሳት ከሚያወጣው ሙቀት ለድስቱ የሚያደርሰው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉን ነው፤ የቀረው ከጢሱ ጋር በጣሪያ ይወጣል፤ ጢሱም ከመውጣቱ በፊት በእናቶች ዐይንና ሳንባ በኩል ያልፋል። ከዚህም በላይ ጉልቻ ከታች ብቻ የሚያሞቅ እሳት ነው። ስለዚህ ከጉልቻ ላይ የሚወርደው የዱባ ምግብ ቅቅል ወይም ወጥ መሆኑ የባህል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የእሳቱም ግዴታ አለበት። ረመጥ ውስጥ ቀብሮ መጥበስ ለድንች ይስማማል፤ ለትልቅ ዱባ ግን አይመችም። ሙቀት ወደ አንድ ጠጣር ነገር መካከል ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ በውፍረቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ውፍረቱ ሁለት እጥፍ የሆነ ዱባ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ውስጡ እስኪበስል ሲጠበቅ ውጭው ከሰል ሆኖ ያርፋል።

ይህ ሲባል ከላይም ከታችም የማሞቅ ጥበብ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነበር ማለት አይደለም። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከታች እሳት እየነደደለት፣ ከላይ በክዳኑ ላይ ፍም እየተደረገበት ይጋገራል። በመሠረተ ሐሳቡ ይህ ፎርኖ ነው። የጎደለው ሙቀቱን አከማችቶ ለሰዓታት የሚያቆይ ግንብ ብቻ ነበር።

የፎርኖ አመጣጥ

ግንቡ የመጣው ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግሪኮችና አርመኖች በአራዳ ዙሪያ ሰፍረው ሱቅ፣ መጠጥ ቤትና ዳቦ ቤት መክፈት ጀመሩ። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴልም በዚያው አካባቢ የአውሮፓን የገበታ ሥርዐት ለከተማይቱ አስተዋወቀ። በ1909 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃን ከወደብ ማምጣት ቀላል ሆነ።

እነዚህ ወደ አራዳ የመጡት ሕዝቦች ዱባን በግንብ ምድጃ ማብሰልን ከየአገራቸው የሚያውቁ ነበሩ። አርመኖች «ጋፓማ» የሚሉት የበዓል ምግብ አላቸው፤ ዱባው ከነሙሉ አካሉ ተፈልፍሎ፣ በሩዝ፣ በደረቅ ፍራፍሬና በማር ተሞልቶ ይጋገራል። ግሪኮች ዱባን በስስ ሊጥ ጠቅልለው ይጋግሩታል። በሰሜን ኢጣልያ፣ በቬኒስና በኪዮጃ፣ የተጋገረ ዱባ እንደ ቆሎና እንደ እሸት በቁራጭ ተቆርጦ በመንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። ዱባ በኢትዮጵያ ወጥ ሆኖ፣ በሜዲትራንያን ጥብስ ሆኖ፣ አንዱ የአሜሪካ ፍሬ በሁለት መንገድ ተጉዞ አራዳ ላይ ተገናኘ ማለት ይቻላል።

ከዚያ የመጣው ዘመን ግን የገበታ ዘመን አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከተማይቱን በዘር የሚከፍል ፕላን ወጣ። የአራዳ ገበያ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ፣ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ተብሎ ተዛወረ። ነባሩ የገበያ አካባቢ ለነጮች ተለይቶ ፒያሳ ተባለ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በተፈጸመው ጭፍጨፋ ከተማይቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆቿን አጣች። ስለሆነም ፎርኖን የወራሪው ስጦታ አድርጎ መቁጠር ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ የዳቦ ምድጃ ከወረራው በፊት በአራዳ ይሠራ ነበር። ሁለተኛ፣ ወረራው በአንድ እጁ ፎርኖ ቢያበዛ በሌላው እጁ ዱባውን የሚያቀርበውን ገበያ ከምድጃው አጠገብ ነቅሎ ወስዷል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የቀሩት ኢጣልያውያን በፒያሳ ምግብ ቤት፣ ኬክ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው ከነዋሪው ጋር ኑሮ ጀመሩ፤ የካስቴሊና የኤንሪኮ ስም ከሰፈሩ ስም ጋር አብሮ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። በእነዚህ ማእድ ቤቶች ውስጥ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጥ ሠሪዎችና ጋጋሪዎች ሙያውን ወስደው የራሳቸው አደረጉት። የዚህም ማስረጃው በቋንቋው ውስጥ ነው። በኢጣልያንኛ «ፎርኖ» ማለት ምድጃ ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ፉርኖ» ሆኖ ከምድጃው ወደ ዳቦው፣ ከዳቦውም ወደ ዱቄቱ ተሻገረ፤ ባለሱቁን «የፉርኖ ዱቄት» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ነጩን የስንዴ ዱቄት ነው። «አሮስቶ» እና «ፓስታ አልፎርኖ» የሚሉትም ቃላት ከፒያሳ ተነሥተው በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ ሰፍረዋል።

ጥብስ ዱባ በገበታው ላይ የያዘው ቦታም የሁለት ሥርዐቶች መገናኛ ነው። ኢጣልያውያን ከሥጋው ጎን የሚቀርበውን አትክልት «ኮንቶርኖ» ይሉታል፤ ዙሪያውን የከበበ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ገበታ ግን ዋናና ጎን የሚባል የለም፤ ሁሉም በአንድ እንጀራ ላይ ተደርድሮ እርስ በርሱ ማባያ ይሆናል። በሥጋ ቀን ከአሮስቶ ጎን የሚቀርበው ያው የተጠበሰ ዱባ፣ በጾም ቀን ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ጋር በያይነቱ መካከል ቢገባ ማንም እንግዳ አይለውም። ቅቤ ስለማይነካው ለሁለቱም ወገን ይሆናል።

አሠራሩ

ለጥብስ የሚመረጠው ዱባ ቅርፊቱ የደረቀ፣ ለመጠኑ ከበድ ያለና ውስጡ ጠንከር ያለ ብርቱካናማ የሆነ ነው። ከጉሊት በቁራጭ የሚገዛ ከሆነ ውስጡን ማየት ስለሚቻል መምረጡ ይቀላል። ዱባው ተሰንጥቆ ፍሬውና ክሩ በማንኪያ ይፋቃል፤ ፍሬው ታጥቦና ደርቆ ቢቆላ ጥሩ ቆሎ ነው፤ አይጣልም። ቅርፊቱ ሳይላጥ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሽንሽን ይቆረጣል። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከላይ የተገለጸው የካሬ ሕግ እዚህም ይሠራልና፣ አንዱ ሽንሽን በእጥፍ ቢወፍር ሌላው ሲያርር እሱ ገና ጥሬ ነው።

ለ1 ኪሎ ዱባ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ በቢላ ጀርባ የተመታ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ይበቃል። ሚጥሚጣ የሚወድ ሰው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ይነስንስበት፤ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመራል። ሽንሽኖቹ በትሪ ላይ ሳይነካኩ፣ ሳይነባበሩም ይደረደራሉ። ምድጃው 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከሞቀ በኋላ ትሪው ገብቶ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ዳሩ ቡናማ ሲሆንና ቢላ ያለ ተቃውሞ ሲገባበት ደርሷል። ፎርኖ የሌለው ቤት በድፎው ዘዴ ሊሠራው ይችላል፤ ወፍራም መጥበሻ ወይም ብረት ድስት በደካማ ፍም ላይ ይጣዳል፤ በክዳኑ ላይ ከታቹ የበዛ ፍም ይደረጋል።

ለምን ጣፈጠ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ድስት ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ፣ እሳቱ የቱንም ያህል ቢነድ፣ ወጡ ከዚህ ልክ አያልፍም። የዱባ ሥጋ ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው። አትክልት ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚያገኘው ገጹ ደርቆ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ ድስት ውስጥ ያለ ዱባ ወደዚያ ለመድረስ ወደ 50 ዲግሪ ይጎድለዋል። የዱባ ወጥ ጣዕሙን ከተቁላላው ሽንኩርትና ከበርበሬው የሚበደረው ለዚህ ነው። በፎርኖ ውስጥ ግን ደረቁ አየርና ከግንቡ የሚንጸባረቀው ሙቀት ገጹን ያደርቁታል፤ ውሃው ሲወጣ የዱባው የራሱ ስኳር ይጠናል፤ ከዚያም ይጠበሳል። ሽንሽኖቹ ተነባብረው ከተደረደሩ ግን ከአንዱ የሚወጣው እንፋሎት ሌላውን ስለሚያረጥበው፣ ምድጃው ፎርኖ ሆኖ ሳለ ዱባው ይቀቀላል።

የማገዶው ስሌትም መታየት አለበት። 1 ኪሎ ዱባን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማሞቅ 290 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። ከውስጡ 300 ግራም ውሃ ለማትነን፣ ለ1 ኪሎ ውሃ 2,260 ኪሎ ጁል በሚለው ሒሳብ፣ 680 ኪሎ ጁል ያህል ይጨመራል። ድምሩ 1,000 ኪሎ ጁል አይሞላም። 1 ኪሎ የደረቀ እንጨት 16,000 ኪሎ ጁል ያህል ስለሚሰጥ፣ ኪሳራ ባይኖር ለዚህ ሥራ 60 ግራም እንጨት ይበቃ ነበር። ለአንድ ትሪ ዱባ ብቻ ብሎ የግንብ ምድጃ ማንደድ ግን ብዙ ኪሎ እንጨት ማባከን ነው፤ ግንቡ ራሱ አስቀድሞ መጥገብ አለበትና። ነገሩ የሚያዋጣው ምድጃው ለዳቦ ነዶ፣ ዳቦው ወጥቶ፣ ግንቡ ገና 200 ዲግሪ ሳለ ነው። በዚያች ሰዓት ዱባውን የሚጠብሰው ለዳቦው ከወጣው ማገዶ የተረፈ ሙቀት ነው። በሜዲትራንያን አገሮች የሰፈር ሰው ትሪውን ወደ ዳቦ ቤት የመላክ ልማድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባም ለበዓል ሊጥ ይዞ ወደ ዳቦ ቤት ሄዶ ማስጋገር እንግዳ ነገር አይደለም። ሙቀትን በጋራ መጠቀም ከሁሉ የሚረክሰው የማገዶ ቁጠባ ነው።

ገበያውም ምድጃውም ሲነሡ

የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ ቢዛወርም ፒያሳ ፈጽሞ ያለ አትክልት አልቀረችም። አትክልት ተራ ለአሠርት ዓመታት የከተማይቱ የፍራፍሬና የአትክልት ማከፋፈያ ሆኖ ቆይቷል። ይኸው ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ከነዋሪውም ብዙው በከተማይቱ ዳር ወደሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደ።

ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁ፣ ውሃና ፍሳሽ ያልተሟላላቸው፣ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ እንደነበሩ አይካድም። የአሮጌ ሰፈር ፍቅር የሚያንጠባጥብ ጣሪያን ውብ ሊያደርገው አይገባም። ሆኖም አንድ ሰፈር ሲነሣ በዝርዝር የሚመዘገበው ቤቱ፣ አጥሩና ቆጣሪው ነው። ጉሊቷ፣ ዳቦ ቤቱና የዱባው ሐረግ የሚወጣበት አጥር እርስ በርሳቸው የነበራቸው ርቀት፣ ማለትም ሁሉም በእግር ጥቂት ደቂቃ የመሆኑ ነገር፣ በየትኛውም የግምት ቅጽ ላይ ዓምድ የለውም።

በፎቅ መኖሪያ ውስጥ ጓሮ የለም፤ ጢስ ስለማይቻል ጉልቻም የለም። በምትኩ የኤሌክትሪክ ምድጃና ምጣድ ገብቷል። የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም ኤሌክትሪክ ለብዙው ሰው አምፖል ማለት ነበር፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ግን ስለ ማእድ ቤት የሚነሣው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዟል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በበዓል ዋዜማ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ሲሰኩ የሚደርሰውን ጭነት የመሥመር ባለሙያዎች ያውቁታል። አንድ ትሪ ዱባ ለመጥበስ በየቤቱ ፎርኖ ይግባ ማለት ደግሞ በዚህ ጭነት ላይ ሌላ ጭነት መጨመር ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ችሎቱ የሚሰጠው ፍርድ ምንድን ነው? ስለ ሹማምንት የተነገረው አባባል በስፍራው ይቆይ። ስለ ማእድ ቤት ግን ዱባው በግልጽ ይመሰክርበታል፤ ጉልቻ ሲለወጥ ምግቡም ይለወጣል። በ92 ዲግሪ የተወሰነ እሳት አንድ ምግብ ይሰጣል፤ 200 ዲግሪ የሚደርስ ግንብ ሌላ ምግብ ይሰጣል። የአራዳ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ነው። ምድጃ ብቻውን አይበቃም፤ ገበያው ሲርቅ፣ ማገዶው ሲጠፋ ወይም የሰፈሩ ሰው ሲበተን ፎርኖው ቢኖርም የሚገባበት ትሪ አይኖርም።

ለጋራ መኖሪያ ፕላን የሚነድፉ፣ መሥመር የሚዘረጉና ትራንስፎርመር የሚመርጡ ባለሙያዎች ማእድ ቤትን በመጨረሻ የሚሞላ ክፍል አድርገው ማየት ልማዳቸው ነው። ለእያንዳንዱ የፎቅ መኖሪያ አጸድ አንድ የጋራ ዳቦ ቤት፣ ከአጠገቡም ለጉሊት የሚሆን ጥላ ያለው ስፍራ መተው በካሬ ሜትር ቢለካ ትንሽ ነው። ሐረግ የሚወጣበት አንድ ግድግዳ ቢጨመርበት ደግሞ ዱባው ራሱ ይመጣል፤ ከሜክሲኮ እስከ አራዳ የመጣ ተክል ከአራዳ እስከ ከተማይቱ ዳር መሄድ አያቅተውም።